ፎርሙ ባዶ ሆኖ ሲከፈት፦ የአክሰስ ፎርሞች የማሳያ ችግሮችና ምንጫቸው

የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ መረጃ የሚያዩበትንና የሚሞሉበትን ገጽ በሚመለከት «ፎርሙ ተበላሽቷል» ሲሉኝ፣ በዚህ አንድ ቃል ሥር ፈጽሞ የማይዛመዱ ብዙ ችግሮች ሊኖሩ እንደሚችሉ ስለማውቅ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው በስክሪኑ ላይ በትክክል ምን እንደሚታይ ነው። አንዱ ፎርሙን ሲከፍት ባዶ ሜዳ ብቻ ያገኛል፤ ሌላው ስም ይታይ በነበረበት ቦታ የስህተት ምልክት ያያል፤ የሦስተኛው ፎርም ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በደህና ተከፍቶ በሌላው ላይ የታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ ይቀራል። ሁሉም የማሳያ ችግር ይባላሉ። በእኔ እምነት ግን አብዛኞቹ የማሳያ ችግሮች አይደሉም፤ ፎርሙ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ሳለ፣ ትእዛዙ ራሱ ሠሪው ካሰበው የተለየ ሆኖ የተገኘባቸው ናቸው። ስለዚህ የሳጥኖቹን ቦታና ቀለም ከመነካካት በፊት፣ ችግሩ ያለው በዳታው፣ በፎርሙ ፕሮፐርቲዎች (ቅንብሮች)፣ በኮንትሮሎቹ (በፎርሙ ላይ ባሉት ሳጥኖችና አዝራሮች) ወይስ በዊንዶውስ ላይ መሆኑን መለየት የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

ለመለየት የምጠቀምበት የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፤ ለፎርሙ ዳታ የሚያመጣለትን ቴብል ወይም ኩዌሪ (ከቴብሎች ዳታ መርጦ የሚያመጣ ጥያቄ)፣ ማለትም በ«ሪከርድ ሶርስ» የተጻፈውን፣ ለብቻው እከፍታለሁ። ኩዌሪው ለብቻው ሲከፈትም ሪከርዶቹ (የመዝገቡ መስመሮች) ካልታዩ ወይም የተሳሳተ ነገር ከታየ፣ ፎርሙ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ ከንቱ ነው። ሪከርዶቹ በትክክል ከታዩ ደግሞ፣ በዚያው ኩዌሪ ላይ ተመሥርቶ ምንም ጌጥና ኮድ የሌለው አዲስ ፎርም እሠራለሁ። አዲሱ ፎርም በትክክል ካሳየ፣ ጥፋቱ በአሮጌው ፎርም ፕሮፐርቲ ወይም ኮድ ውስጥ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የሁለቱን የፕሮፐርቲ ዝርዝር ጎን ለጎን እያስተያዩ መመልከት ይበቃል። ይህን ማድረግ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም፣ ብዙዎች ይህን ዘልለው ፎርሙን ከመጀመሪያው እንደገና ወደ መሥራት ሲገቡ ማየቴ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ በኩዌሪው ውስጥ ከሆነ አዲሱም ፎርም ያንኑ ያሳያል።

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያስደነግጠው ፈጽሞ ባዶ ሆኖ የሚከፈት ፎርም ነው። ከላይ ያለው ርእስና አዝራሮቹ አሉ፤ መረጃው የሚጻፍባቸው ሳጥኖች ግን ከነመለያ ጽሑፋቸው የሉም። ተጠቃሚው ዳታው የጠፋ ይመስለዋል። የአክሰስ ደንብ ግን የሚከተለው ነው፦ ፎርሙ የሚያሳየው ሪከርድ ከሌለውና አዲስ ሪከርድ መጨመርም ካልቻለ፣ «ዲቴይል» የሚባለውን የመሀል ክፍል ባዶ አድርጎ ይተወዋል። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድነት ሲሟሉ ነው። ሪከርድ ባይኖርም መጨመር ቢቻል ኖሮ ቢያንስ ባዶዎቹ ሳጥኖች ይታዩ ነበርና። በመሆኑም ጥያቄው ሁለት ይሆናል፤ ሪከርዱ ለምን አልመጣም? አዲስ መጨመርስ ለምን ተከለከለ?

ከሁለተኛው ጥያቄ ብንነሣ፣ ቀላሉ ምክንያት «አላው አዲሽንስ» የሚለው ፕሮፐርቲ «ኖ» መሆኑ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚደበቀው ምክንያት ግን ኩዌሪው ራሱ የማይጻፍበት ዓይነት መሆኑ ነው። ድምር የሚሠራና ሪከርዶችን በቡድን የሚያሰባስብ ኩዌሪ፣ ተደጋጋሚ ሪከርዶችን የሚያስቀር ኩዌሪ፣ ሁለት ዝርዝሮችን በ«ዩኒየን» የሚያገናኝ ኩዌሪ ሁሉም ለንባብ ብቻ ናቸው። የፎርሙ «ሪከርድሴት ታይፕ» ወደ ስናፕሾት (የማይጻፍበት ቅጂ) ተቀይሮ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። በኦዲቢሲ (አክሰስን ከሌሎች ዳታቤዞች ጋር በሚያገናኝ መንገድ) በኩል ከሰርቨር የተያያዘ ቴብል አክሰስ የሚያውቀው ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን ሪከርድ ለይቶ የሚያሳውቅ ዓምድ) ወይም ልዩ ኢንዴክስ ከሌለው ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት አይችልም። በመጨረሻም ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር ላይ ተጠቃሚው የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው፣ አክሰስ የመቆለፊያ ፋይሉን መፍጠር ስለማይችል ዳታቤዙን ሙሉ በሙሉ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። አንድ ፎርም በአንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ በሌላው ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የማጣራው ይህን ፈቃድ ነው።

ሪከርዱ ለምን አልመጣም ለሚለው ደግሞ መልሱ ብዙውን ጊዜ ፊልተር (ሪከርዶችን የሚያጣራ መስፈርት) ነው። ፊልተር ከፎርሙ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ከአክሰስ 2007 ጀምሮ ያለው «ፊልተር ኦን ሎድ» የሚባለው ፕሮፐርቲ «የስ» ከሆነ ደግሞ ፎርሙ በተከፈተ ቁጥር ፊልተሩ እንደገና ይሠራል። ከወራት በፊት ለአንድ ፍለጋ የተደረገ ፊልተር እስከ ዛሬ ድረስ ሪከርዶችን ሊደብቅ ይችላል ማለት ነው። የኩዌሪው መስፈርት በሌላ ፎርም ላይ ያለ ሳጥንን የሚጠቅስ ከሆነና ያ ሳጥን ባዶ ከሆነ፣ ኩዌሪው ከምንም ጋር የሚያወዳድረው ነገር ስለማያገኝ አንድም ሪከርድ አይመልስም። ሌላው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው፣ የቴብሎች ጥምረት ነው። የደንበኞች ቴብል ከከተሞች ቴብል ጋር በተለመደው ጥምረት ሲያያዝ፣ ከተማቸው ያልተሞላላቸው ደንበኞች ከፎርሙ ላይ ይጠፋሉ፤ በቴብሉ ውስጥ ግን ሁሉም አሉ። መፍትሔው የጥምረቱን ዓይነት ለውጦ የደንበኞች ሪከርዶች በሙሉ፣ ከከተሞች ደግሞ የሚገጥሙት ብቻ እንዲመጡ ማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን የተለየ አንድ ሁኔታ አለ። ፎርሙ ሳጥኖቹን ሁሉ አሳይቶ፣ ሳጥኖቹ ግን ባዶ ሆነው፣ የቆየውን ሪከርድ ማግኘት የሚያቅትበት ነው። ይህ «ዳታ ኢንትሪ» የሚባለው ፕሮፐርቲ «የስ» መሆኑን ያመለክታል። ስሙ መረጃ ለመመዝገብ የሚያስችል ስለሚመስል ሰዎች አስበው «የስ» ያደርጉታል፤ ትርጉሙ ግን ፎርሙ አዲስ ሪከርድ ብቻ እንዲያሳይና የነበሩትን እንዳያመጣ ማዘዝ ነው። ፎርሙን ከሌላ ፎርም ላይ በኮድ የሚከፍተው ትእዛዝ «ለመጨመር ብቻ» ተብሎ ከተጻፈም ፕሮፐርቲው «ኖ» ሆኖ እንኳ ውጤቱ ያው ነው። በነዚህ ሁኔታዎች ሁሉ በፎርሙ ግርጌ ያለው የሪከርድ መቁጠሪያ ትልቅ ምስክር ነው፤ ከስንት ሪከርዶች ስንተኛው ላይ እንዳለን፣ ፊልተር መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ብዙ ሠሪዎች ለመልክ ሲሉ ያጠፉታል፤ ችግር በሚፈለግበት ጊዜ ግን መልሶ ማብራት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት በመሰላል ምልክት (#) የሚጀምሩት የስህተት ቃላት ናቸው። እነዚህን እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ መልእክት ማንበብ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ የሚለው የራሱ የሆነ ነገር አለውና። «#ኔም?» የሚለው በኮንትሮሉ ምንጭ ላይ የተጻፈውን ስም አክሰስ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። በቴብሉ ውስጥ የፊልዱ (የቴብሉ ዓምድ) ስም ተቀይሮ ይሆናል፤ ከኩዌሪው ውስጥ ፊልዱ ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም ስሌት ሲጻፍ የእኩል ይሆናል ምልክቱ ከፊት ተረስቶ አክሰስ ስሌቱን እንደ ፊልድ ስም ቆጥሮት ይሆናል። ስሙ ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ የዛሬን ቀን እንደሚያመጣው ያሉ የተለመዱ ፈንክሽኖች ጭምር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እምቢ ካሉ፣ በቪቢኤ (የአክሰስ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ኤዲተሩ ውስጥ «ሪፈረንስስ» የሚለውን ዝርዝር መክፈትና «ሚሲንግ» የሚል ምልክት ያለበት ላይብረሪ መኖሩን ማየት ያሻል። አንድ ላይብረሪ ሲጠፋ ከእሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ፈንክሽኖችም ይቆማሉ።

«#ኤረር» ከዚህ ይለያል፤ ስሙ ተገኝቷል፣ ስሌቱ ግን አልተሳካም። በጣም የተለመደው ምክንያት ኮንትሮሉ ራሱን እየጠቀሰ መሆኑ ነው። አንድን ፊልድ ከቴብሉ ወደ ፎርሙ ስንጎትት አክሰስ ለሳጥኑ የፊልዱኑ ስም ይሰጠዋል። በኋላ ያንኑ ሳጥን ወደ ስሌት ስንቀይረው፣ ለምሳሌ «ዋጋ» የተባለው ሳጥን «ዋጋ» የተባለውን ፊልድ በብዛቱ እንዲያባዛ ስናዘው፣ አክሰስ ስሙን ሲያይ ሳጥኑን ራሱን ያገኛል፤ መውጫ የሌለው ዙሪያ ይሆንበታል። የሳጥኑን ስም ብቻ መለወጥ ይፈውሰዋል። ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት የሰብፎርም (በዋናው ፎርም ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ፎርም) ድምር ነው። ሰብፎርሙ አንድም ሪከርድ ከሌለውና መጨመርም ካልተፈቀደለት፣ ከላይ እንዳልሁት ሳጥኖቹ ስለማይኖሩ፣ ከዋናው ፎርም ድምሩን የሚጠይቀው ሳጥን «#ኤረር» ይላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ባዶውን ወደ ዜሮ የሚለውጠውን ፈንክሽን ይሞክራሉ፤ አይሠራም፤ ምክንያቱም ያለው ባዶ ዋጋ ሳይሆን የሌለ ሳጥን ነው። መደረግ ያለበት አስቀድሞ የሰብፎርሙን የሪከርድ ብዛት ጠይቆ፣ ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ድምሩን ማምጣት፣ ካልሆነ ዜሮ ማሳየት ነው። ሰብፎርሙ ሲጠቀስም ሊጻፍ የሚገባው በዋናው ፎርም ላይ ሰብፎርሙን የያዘው ኮንትሮል ስም እንጂ በውስጡ የተቀመጠው ፎርም ስም አይደለም፤ ሁለቱ አንድ የሆኑ ቢመስሉም ሊለያዩ ይችላሉ። በነገራችን ላይ አንድ ስሌት ሲሰናከል በዚያው ፎርም ላይ ያሉ ሌሎች ጤነኛ ስሌቶችም አብረው ሊስቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጠገን መጀመሪያ አንዱን አስተካክሎ ሌሎቹን እንደገና መመልከት ይሻላል።

«#ዲሊትድ» የሚለው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ቀላል ነው፤ እኛ ፎርሙን ከፍተን ሳለ ሌላ ሰው ሪከርዱን ሰርዞታል፣ ፎርሙ እንደገና ዳታውን ሲጠይቅ ምልክቱ ይጠፋል። ሁለተኛው ግን ከኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም ከሌላ ሰርቨር በተያያዙ ቴብሎች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ሁሉም ሪከርዶች በአንድነት የተሰረዙ መስለው ስለሚቀርቡ እጅግ ያስጨንቃል። የሚሆነው ነገር ይህ ነው። አክሰስ መጀመሪያ የሪከርዶቹን ፕራይመሪ ኪዮች ብቻ ያመጣል፤ ቀጥሎ በእነዚያ ኪዮች እየጠየቀ ቀሪውን ያስመጣል። የኪዩ ዓይነት አክሰስ በትክክል የማይወክለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለነጥብ ቁጥር ወይም ከአክሰስ የበለጠ ደቃቅ ሰከንድ የያዘ ቀንና ሰዓት ከሆነ፣ በመመላለሱ መካከል ዋጋው በጥቂቱ ይለወጣል፤ በተለወጠው ኪይ የተጠየቀው ሰርቨር «የለኝም» ሲል አክሰስ ተሰርዟል ብሎ ይደመድማል። ዳታው በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። በጣም ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን የያዘ ኪይም በቀደሙት የአክሰስ እትሞች ይህንኑ ያመጣ ነበር፤ በኋላ የመጡት እትሞች ይህን የቁጥር ዓይነት መደገፍ ጀምረዋል፣ ነገር ግን ድጋፉ በአማራጮች ውስጥ ሊበራ ይገባዋል። አስተማማኙ መንገድ ኪዩን ተራ ሙሉ ቁጥር ማድረግ ነው።

ሳጥኑ በመሰላል ምልክቶች ብቻ ሲሞላ ቁጥሩ ወይም ቀኑ ከሳጥኑ ስፋት በልጧል ማለት ነው፤ ሳጥኑን ማስፋት ይበቃል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። በዳታቤዙ አማራጮች ውስጥ የተቆረጡ ቁጥሮችን የሚፈትሽ ምርጫ አለ፤ ያ ሲጠፋ ምልክቶቹ ይጠፉና በምትካቸው የቁጥሩ ቁራጭ ይታያል። ምልክቶቹ መልክ ያበላሻሉ ብሎ ያንን ምርጫ ማጥፋት አደገኛ ነው። 125,000 የሆነው ሒሳብ 25,000 ወይም 12 መስሎ ሲነበብ የሚያየው ሰው የሚጠራጠርበት አንዳች ምልክት አይኖረውም። የማይነበብ ሳጥን ሰውን ያስጠይቃል፤ የተቆረጠ ቁጥር ግን ይታመናል።

ረጅም ጽሑፍም እንዲሁ ሳይታወቅ ይቆረጣል። በቴብሉ ውስጥ ሙሉ የሆነ ማስታወሻ በፎርሙ ላይ በ255ኛው ፊደል ላይ ከቆመ፣ ሳጥኑን ማሳደግ አይረዳም፤ ኩዌሪው ጽሑፉን በቡድን እያሰባሰበው፣ ተደጋጋሚውን ለማስቀረት እያወዳደረው ወይም በተራ «ዩኒየን» እያገናኘው ነው። አክሰስ ለማወዳደር ሲል ረጅሙን ጽሑፍ ያሳጥረዋል። በፊልዱ ላይ የተቀመጠ የፎርማት ትእዛዝም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ኮምቦ ቦክስ (ከዝርዝር የሚመረጥበት ሳጥን) ከስም ይልቅ የመለያ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ፣ የዓምዶቹን ብዛት ሁለት፣ የመጀመሪያውን ዓምድ ስፋት ዜሮ ማድረግ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ሪከርዶችን ተከታታይ አድርጎ በሚደረድር ፎርም ላይ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር መታወቅ አለበት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚታየው ሳጥን የተለያየ ሳጥን አይደለም፤ አንዱ ኮንትሮል ነው እየተደጋገመ የሚሣለው። ስለዚህ በኮድ ቀለሙን ስንቀይር የሁሉም መስመር ቀለም ይቀየራል። ከየትኛውም ፊልድ ጋር ያልተያያዘ ሳጥንም በሁሉም መስመር ያንኑ ዋጋ ያሳያል። በአንዱ መስመር ላይ የተመረጠው ክልል የከተሞቹን ዝርዝር እንዲያጠብብ የተደረገ ኮምቦ ቦክስ ደግሞ በሌሎቹ መስመሮች ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ የነዚያ መስመሮች ከተማ ከጠበበው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ነው፣ ዳታው ግን አልተነካም። ለየመስመሩ የተለያየ ቀለም የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» ነው፤ ይህም እስከ አክሰስ 2007 ድረስ ለአንድ ኮንትሮል ሦስት ሁኔታዎች ብቻ ይፈቅድ የነበረ ሲሆን ከ2010 ጀምሮ 50 ይፈቅዳል።

ይህ ብዛት ግን ዋጋ አለው። ቀለም የሚወስኑ ብዙ ሁኔታዎች፣ ከሌላ ቴብል አንድ ዋጋ እየፈለጉ የሚያመጡ ስሌቶች፣ በየሰከንዱ የሚሠራ ታይመር በአንድ ፎርም ላይ ሲሰባሰቡ፣ ስክሪኑ ይርገበገባል ወይም ሳጥኖቹ አንድ በአንድ እየዘገዩ ይሞላሉ። በታብ ገጾች ላይ የተቀመጡ፣ ከየትኛውም ሳጥን ጋር ያልተያያዙ ሌብሎችም (የመለያ ጽሑፎችም) አይጡ ሲያልፍባቸው የሚርገበገቡበት ጊዜ አለ፤ ሌብሉን ከአንድ ሳጥን ጋር ማያያዝ ወይም ወደ ቴክስት ቦክስ መለወጥ ያቆመዋል። መርገብገቡን ለመሸፈን የስክሪኑን መሣል ለጊዜው የሚያቆመውን «ኤኮ» የተባለ ትእዛዝ የሚጠቀሙ አሉ። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ኮዱ መሀል ላይ በስህተት ቢቋረጥ ስክሪኑ እንደቆመ ይቀራል፣ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙ የደረቀ ይመስለዋል። ስለዚህ መልሶ የሚያበራው መስመር ስህተት ቢፈጠርም በግድ በሚደረስበት ቦታ ላይ መጻፍ አለበት።

የተለወጠ ዳታ በፎርሙ ላይ ሳይለወጥ ሲቀር ደግሞ አራት ትእዛዞችን መለየት ያስፈልጋል። «ሪፔይንት» ያለውን እንደገና ይሥላል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። «ሪካልክ» ስሌቶቹን ብቻ ያድሳል። «ሪፍሬሽ» በእጅ ባሉት ሪከርዶች ላይ ሌሎች ያደረጉትን ለውጥ ያሳያል፤ አዲስ የተጨመሩትን ግን አያመጣም። «ሪኩዌሪ» ሁሉንም ከመጀመሪያ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚውንም ወደ መጀመሪያው ሪከርድ ይመልሰዋል። አንዱ ባልሠራ ቁጥር ሌላውን እየደራረቡ መጻፍ ፎርሙን ያዘገየዋል እንጂ አያቀናውም።

እውነተኛ የማሳያ ችግር ብዬ የምጠራው ከመጠን ጋር የተያያዘውን ነው። አክሰስ የኮንትሮሎችን ቦታና ስፋት የሚይዘው በፒክስል ሳይሆን በትዊፕ ነው፤ 1 ኢንች 1,440 ትዊፕ ነው። ዊንዶውስ ስኬሊንጉ (የማሳያ ማጉሊያው) ሲጨምር ያንኑ ኢንች በብዙ ፒክስል ይሥለዋል። 1920 በ1080 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ስኬሊንጉ 150 ከመቶ ሲሆን ለፎርሙ የሚተርፈው ቦታ በተግባር 1280 በ720 ያህል ብቻ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሪዞሉሽን ኖሯቸው በአንዱ ላይ ፎርሙ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ሪዞሉሽኑ ብቻ ሳይሆን ስኬሊንጉ ጭምር ነው። ከአክሰስ 2007 ጀምሮ ኮንትሮሎችን ከፎርሙ ጠርዝ ጋር በ«አንከሪንግ» ማሰር ስለሚቻል፣ ሰብፎርሞችና ረጃጅም ሳጥኖች ከመስኮቱ ጋር እንዲያድጉና እንዲያንሱ ማድረግ ይቻላል፤ ፊደሉ ግን አብሮ አያንስም። እኔ የምመርጠው ፎርሙን ሰዎቹ ባላቸው ትንሹ ስክሪን ልክ መንደፍና የተረፈውን በታብ ገጾች መከፋፈል ነው። ዳታቤዙ ሰነዶችን በታብ እንዲከፍት ከተደረገ ፎርሙ መስኮቱን ሁሉ ስለሚሞላ፣ ራሱን በልኩ እንዲያስተካክል የሚያዘው ፕሮፐርቲ ሥራ አይኖረውም። ሁለተኛ ስክሪን በነበረው ኮምፒውተር ላይ ከስክሪኑ ውጭ የሚከፈት ፎርም ካለም «ኦቶ ሴንተር» የሚለውን ማብራት መመለሻው ነው።

እንደ ግዕዝ ያሉ ከላቲን ውጭ የሆኑ ፊደላትን ለሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። አክሰስ ከ2000 እትሙ ጀምሮ ጽሑፍን በዩኒኮድ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ አራት ማዕዘን ምልክቶች ከታዩ፣ ፊደሉን የሚሥል ፎንት በዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። በመልእክት ሳጥን ላይ ጥያቄ ምልክቶች ከታዩ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የቪቢኤ ኤዲተር ዩኒኮድን ስለማይደግፍ፣ በኮድ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈው ጽሑፍ ገና ሲጻፍ ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀይሯል። መልእክቶቹን በቴብል ውስጥ አስቀምጦ፣ በኮድ ከዚያ አንብቦ፣ በራስ በተሠራ ትንሽ ፎርም ላይ ማሳየት ንጹሕ መፍትሔ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያት ሲታጣ፣ ያኔ ፎርሙ በእርግጥ ተበላሽቷል ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ብዙ ሰዎች አንዱን ፋይል በኔትወርክ ላይ በአንድነት ሲከፍቱ ነው፤ ቴብሎቹን በአንድ ፋይል ለይቶ፣ ፎርሞቹን የያዘውን ፋይል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በኮምፒውተሩ ላይ ማስቀመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። ለጥገናው አስቀድሞ የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር»ን ማስኬድ፣ ካልሆነ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ ዕቃዎቹን በሙሉ ወደዚያ ማስገባት ይሞከራል። አንድ ፎርም ብቻ እምቢ ካለ፣ «ሴቭ አዝ ቴክስት» በሚባለው ትእዛዝ ፎርሙን ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጥቶ፣ አሮጌውን ሰርዞ፣ በ«ሎድ ፍሮም ቴክስት» መልሶ ማስገባት ይቻላል። ትእዛዙ ፎርሙን ማውጣት ካልቻለ ግን የሚቀረው፣ ኮንትሮሎቹን ከቅጂው ላይ በየክፍሉ እየገለበጡ ወደ አዲስ ፎርም ማሸጋገርና ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ፎርሙን ከፍቶ ማየት ነው።